«ወራሽ የለውም» ከማለታችን በፊት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር እያልን ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ቀጥሎም የእድሩ ሥራ አስፈጻሚ አንድ ጉዳይ አጥንተን እንድናቀርብ ባዘዘን መሠረት ይኸን ቃል ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩም ሰው ሞቶ ለንብረቱ ወራሽ ሲታጣ ነገሩ ምን እንደሚሆን፣ ወራሹም የሟቹን የቤተሰብ ታሪክ በመከታተል እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው።

እንደሚታወቀው እድራችን ቀብር ያውቅበታል። ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ለቀስተኛው ይስተናገዳል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ሥራችን አለቀ ብለን ወደየቤታችን እንገባለን። ሟቹ ልጆች ያሉት ሰው ከሆነ እውነትም አልቋል፤ የቀረውን ቤተሰቡ ይጨርሰዋል። ብቻውን የኖረ ሰው ሲሆን ግን የቤቱ ቁልፍ በእጃችን ይቀራል። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «እሱ እኮ ወራሽ የለውም» ይላል። ሌላውም «አዎን፣ ዘመድ አለኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም» ብሎ ይደግፈዋል። በዚችው ቃል ነገሩ ይዘጋል።

እኛ ግን ጉዳዩን ስናጠና ያየነው እንዲህ ነው። ወራሽ የለውም የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወራሹ ያልተጻፈለት ሰው ነው። ከድንጋይ የተወለደ ሰው የለም። እናት ነበረችው፣ አባት ነበረው፤ ምናልባትም እኅቱ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ሞቱን ግን አልሰማችም። ስለዚህ ወራሽ መፈለግ ማለት ገንዘብ ለሰው ማደል ብቻ አይደለም፤ መርዶ ለባለቤቱ ማድረስም ነው። መርዶ ደግሞ የእድር ሥራ ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ለምን ይበዛል?

ቦረናው፣ ጉጂውና ሶማሌው በዚህ በሊበን ምድር ዘሩን በቃሉ ይዞ የሚኖር ሕዝብ ነው። የቦረና ልጅ ጎሳህ ምንድን ነው ሲባል ከሳቦ ወይም ከጎና መሆኑን፣ ከዚያም ውስጥ የየትኛው ቤት እንደሆነ ይናገራል። የሶማሌ ልጅ አብቲርሲ የሚሉትን የአባቶች ቆጠራ ገና በልጅነቱ ያጠናል። እነዚህ ሰዎች መንገድ ላይ እንኳ ቢሞቱ ዘመዳቸው የሚጠየቅበት አድራሻ በአፋቸው አለ።

ከተሞቻችን ግን ከሩቅ በመጣ ሰውም የተሞሉ ናቸው። ነገሌ ቦረና የጦር ሠፈር ሆና የኖረች ከተማ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች የምግብና የውሃ ችግር አንገሽግሿቸው አዛዦቻቸውን የያዙት፣ ለዚያ ዓመት አብዮት መቅድም የሆነውም ነገር የተነሣው እዚሁ ነው። ያ ሁሉ ወታደር ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ብዙው እዚሁ ቤት ሠርቶ ቀረ። ክብረ መንግሥትና ሻኪሶ ደግሞ በአዶላ ወርቅ የተነሣ ከሩቅ የመጣ ሠራተኛ የኖረባቸው ናቸው። ሞያሌ፣ ፊልቱና ዶሎ አዶ የነጋዴና የሾፌር ከተሞች ናቸው። አስተማሪው፣ ድሬሰሩ፣ የመንገድ ሠራተኛው ሁሉ በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ ሸበተ።

በዚህ ላይ ጦርነትና መፈናቀል ቤተሰብ በትኗል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ደግሞ ስንቱ ሰው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆነ። ከሸሹት መካከል በሄደበት የሞተ አለ፤ ወረቀቱ የተቃጠለበትም አለ።

እንዲህ ያለ ሰው በሠፈሩ የሚታወቀው በሙሉ ስሙ አይደለም። አንዱ «ሃምሳ አለቃ» ነው፣ አንዱ «ጎጃሜው» ነው፣ አንዷ «እማማ» ናት፤ በቃ። አርባ ዓመት አብረን ቡና ጠጥተን የአባቱን ስም የምናውቀው የቀብር ማስታወቂያ ሲጻፍ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን፤ እውነት ነው። የቅርቡ ጎረቤት ግን የሩቁን ዘመድ ስም ካላወቀ ለሟቹ የመጨረሻውን ውለታ አልዋለለትም።

ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን፤ የሕግ ነገር ቢሆንም ለሁላችንም የሚጠቅም ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውርስ ዛሬም ይሠራል። ሟቹ ኑዛዜ ካልተወ ወራሾቹ በአራት ደረጃ ይጠራሉ። በመጀመሪያ ልጆቹ ናቸው፤ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች ይተካሉ፤ ይህ በቁጥር 842 ተጽፏል። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ በቁጥር 843 መሠረት እናትና አባት ይወርሳሉ፤ እነሱም ከሞቱ ልጆቻቸው፣ ይኸውም የሟቹ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚያም የወንድምና የእኅት ልጆች ይተካሉ። በሦስተኛ ደረጃ አያቶች ከነተወላጆቻቸው፣ ማለት አጎትና አክስት፣ የአጎትና የአክስት ልጆች ይጠራሉ። በአራተኛ ደረጃ ቅድመ አያቶች ከነተወላጆቻቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ተፈልጎ ማንም ሲጠፋ ነው በቁጥር 852 መሠረት ንብረቱ ለመንግሥት የሚሆነው።

እስቲ ልብ በሉ። ሕጉ «ወራሽ የለውም» ከማለቱ በፊት እስከ ቅድመ አያት ወጥቶ እንደገና ወደታች ይወርዳል። እኛ ግን ከአጥሩ ግቢ ሳንወጣ እንፈርዳለን። ሕጉ ውርስ ይጣራ ሲል ከማጣራቱ ሥራዎች መጀመሪያ የጻፈውም ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ መለየትን ነው።

ሕጉ በወንድና በሴት፣ በታላቅና በታናሽ መካከል ልዩነት አያደርግም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው። በሕግ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅም እንደ ልጅ ይወርሳል። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ አገር ቋንቋ፣ ከኦሮምኛ፣ የተገኘ ነው። ነገር ግን አሳድጌዋለሁ ማለትና ጉዲፈቻ አድርጌዋለሁ ማለት በፍርድ ቤት ፊት አንድ አይደሉም።

ብዙዎቻችንን የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ሚስት በጋብቻ ከተፈራው የጋራ ንብረት ግማሹን የምትወስደው የራሷ ስለሆነ ነው። የባልዋ ድርሻ ግን ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለውም ለወላጆቹና ለወንድም እኅቶቹ ይሄዳል። የጡረታ አበል ግን ውርስ አይደለም፤ የሚሰጠው በራሱ ሕግ ነው።

የእስልምና ተከታይ የሆኑ አባሎቻችን ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ይኸን ፈቅዷል። በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ናት፤ ባልዋ ልጅ ከሌለው አንድ አራተኛ፣ ልጅ ካለው አንድ ስምንተኛ ይደርሳታል። በአንዱም ቢሄዱ በሌላው ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ያው ነው፦ የሟቹ ዘመዶች እነማን ናቸው?

ጊዜውም ገደብ አለው። ሌላ ሰው ውርሱን ይዞት እንደሆነ እውነተኛው ወራሽ መብቱን ካወቀና ንብረቱ መያዙን ከተረዳ በ3 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ባያውቅም እንኳ፣ ከቤተ ዘመድ የማይንቀሳቀስ ንብረት በስተቀር፣ 15 ዓመት ካለፈ ክሱ ይዘጋል። ስለዚህ እኛ ዛሬ ዝም ያልነው ነገር ነገ በሩቅ አገር ያለች አንዲት እኅት ደጅ ይዘጋባታል።

የስም ነገር

ወራሽ ፍለጋ የሚጀመረው ከስም ነው። የእኛ አገር ስም ራሱ ትንሽ የዘር ሐረግ ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስት ትውልድ በአንድ መስመር ይጻፋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት።

አንደኛው፣ እናት አትታይበትም። ሕጉ ለእናት ወገንና ለአባት ወገን እኩል ቦታ ሲሰጥ ስማችን ግን የአባትን ወገን ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ የእናቱ ስም ያልተጻፈለት ሰው ከወራሾቹ ግማሾቹ ጠፉ ማለት ነው። የአንድ እናት ልጆች በአባት ቢለያዩ ስማቸው ፈጽሞ አይገናኝም፤ ወንድማማች መሆናቸውን የሚያውቅ እናታቸውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ስም ይለወጣል። ወታደር ሲገባ ስሙን የቀየረ አለ። ሃይማኖት ሲለውጥ ሌላ ስም ያወጣ አለ። በክርስትና ስሙ እንጂ በዓለም ስሙ በደብሩ የማይታወቅ አለ። አንዱ ጸሐፊ «ዓለሙ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «አለሙ» ይላል፤ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» እንደዚሁ። የኦሮሞና የሶማሌ ስም በአማርኛ ሲጻፍማ በየመዝገቡ መልኩ ይለያያል። ስለዚህ ስሙ አንድ ፊደል ስለተለየ ሌላ ሰው ነው ማለት፣ ስሙ ስለተመሳሰለም እሱ ነው ማለት ሁለቱም ያሳስታሉ።

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

ካየነው ልምድ የሚከተለውን ሥርዓት እናቀርባለን።

መጀመሪያ የሟቹ ቤት ነው። ሽማግሌዎችና የቀበሌ ሰው ባሉበት ቤቱ ይከፈትና ያለው ሁሉ ተቆጥሮ ይፈረምበታል፤ ማንም ብቻውን አይግባ። ሣጥን ውስጥ ያለ አሮጌ ደብዳቤ፣ ከጀርባው የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ የባንክ ደብተር፣ የጡረታ ወረቀት፣ መታወቂያ ይፈለጋል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ስም ይገኛል፤ ቁራጭ ወረቀት ነው ተብሎ አይጣል።

ሁለተኛ የራሳችን መዝገብ ነው። ይኸን ስንናገር ብዙዎቻችሁ ትገረሙ ይሆናል። እድር ለአባሉ ሞት ብቻ አይደለም የሚከፍለው፤ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እኅት ሲሞትበትም እንደ ደንቡ ይከፍላል። ሲከፍል ደግሞ የሟቹን ስም፣ ዝምድናውንና አገሩን ይጽፋል። እንግዲህ የገንዘብ ያዣችን አሮጌ ደብተር ሳናውቀው የአባላቱ የዘር መዝገብ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። አይጥ እንዳይበላው እንጠብቀው።

ሦስተኛ የሥራ ቦታ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሞልቷል፤ በዚያ ላይ የትውልድ ቦታ፣ የአባትና የእናት ስም፣ ተጠሪ ይገኛል። በጡረታ ማኅደርም እንዲሁ።

አራተኛ የእምነት ቦታ ነው። የንስሐ አባት የክርስትና ስሙንና የመጣበትን ደብር ያውቃል። የመስጊዱ ኢማም ወይም አብሮት የሚሰግድ ጓደኛ ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። ደብሩ ወይም መስጊዱ ከታወቀ ወደዚያው ደብዳቤ መጻፍ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል፤ የጎጃምን ሰው ዘመድ የሚያገኘው የጎጃም ደብር ነው፣ የቦረናን ሰው ዘመድ የሚያገኙት የጎሳው ሽማግሌዎች ናቸው።

አምስተኛ ማስታወቂያ ነው። ፍርድ ቤት በጋዜጣ ጥሪ ያስደርጋል፤ እኛም በትውልድ አገሩ ቀበሌ፣ በደብሩ፣ በገበያው ማስነገር እንችላለን። በጦርነትና በስደት ለተለያየ ቤተሰብ ደግሞ የቀይ መስቀል የቤተሰብ ፍለጋ አገልግሎት አለ። ውርስ አያጣራም፤ ሰው ግን ያገናኛል።

ዘመን ሲቆጠር ደግሞ የወረቀት ዓመት ብቻ አይጠየቅ። አንድ የቦረና ሽማግሌ «የተወለደው በጎባ ቡሌ ገዳ ነው» ካሉ ትልቅ ማስረጃ ሰጥተዋል፤ የአንድ አባ ገዳ ዘመን 8 ዓመት ነውና፣ ጎባ ቡሌም አባ ገዳ የነበሩት ከ1960 እስከ 1968 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሌላው «በጣሊያን ጊዜ» ይላል፣ ሌላው «በ77ቱ ድርቅ» ይላል። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማን ከማን እንደሚቀድም ማወቅ ይቻላል።

ዘመድ ነኝ ባይ ሲመጣ ደግሞ ለየብቻ ይጠየቅ። የሟቹ እናት ማን ትባላለች? ስንት ወንድም እኅት ነበሩ? ከአገር የወጣው መቼ ነው? ምን ምልክት ነበረው? የተናገሩት በወረቀት ላይ እንደ ዛፍ ይሣል፤ ቅርንጫፎቹ ካልገጠሙ አንዱ ተሳስቷል፣ ወይም ዋሽቷል።

አንድ ያየነው ጉዳይ

ስሙንና ሠፈሩን አንጠቅስም። አንድ የጡረታ ወታደር ነበር። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ በባንክ ትንሽ ገንዘብ ነበረው። ዘመድ የለኝም ይል ነበር። ታሞ በተኛበት ጊዜ ያስታመመችው አንዲት ጎረቤቱ ናት፤ ስድስት ወር ሙሉ አጠበችው፣ አጎረሰችው። ሊሞት ሲል በሁለት ሰዎች ፊት «ቤቱ ላንቺ ይሁን» አላት። ሲሞት ሠፈሩ በሙሉ ነገሩ አለቀ አለ።

የእድሩ መዝገብ ሲገለጥ ግን ከብዙ ዓመት በፊት «እናቱ ስለሞተችበት» ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ ተገኘ። የእናቲቱ ስም፣ የወረዳውና የደብሩ ስም ተጽፏል። ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ለደብሩ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ተጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ታናሽ እኅቱ በሕይወት አለች። ለእናታቸው ሞት መልእክት የላከለት አንድ የአገር ልጅ ነበር፤ እሱም ከሞተ በኋላ ወሬው ተቋረጠ። እኅቲቱም ወንድሜ በጦርነት አልቋል ብላ ተዝካሩን ካወጣች ቆይታለች። ሬሳ ሳታይ ያለቀሰችለት ሰው እዚህ በሰላም ይኖር ነበር። የላከችው ልጇ መጥቶ በመቃብሩ ላይ ሲያለቅስ ያየነው ሁላችን ስለ ገንዘብ ማሰብ አፈርን።

ፍርድ ቤትም እኅትየዋን ወራሽ አላት። ያስታመመችውስ? የቃል ኑዛዜ በሕጉ ውስጥ አለ፤ በሁለት ምስክር ፊት ይደረጋል። ግን የሚሠራው ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ጠባቂነትና ዋጋው ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤት በዚህ አይተላለፍም። ሽማግሌ ተቀምጦ የእኅትየው ልጅ አልጋውን፣ ሣጥኑንና ለድካሟ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ሰጣት። ቤቱ ተሸጠ። እሷ አንድም ቀን አላማረረችም፤ እኛን ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠናል። ሕጉም አልተሳሳተም፣ ወራሿም አልበደለችም። የጎደለው አንድ የተጻፈ ኑዛዜ ነው። ሟቹ ለሁለት ሰው የተናገረውን ቃል በጽሑፍ አድርጎ፣ እሱና አራት ምስክሮች ባሉበት አስነብቦ ሁሉም ቢፈርሙበት ኖሮ ያስታመመችውም ባልቀረባት፣ እኅቱም ወንድሟን ባገኘች ነበር። በገዛ እጅ ጽሕፈት የሚደረግ ኑዛዜም አለ፤ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍና ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት። ይህ ዓይነቱ ግን በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ጥንቃቄ ያስፈልጋል

ወራሽ የሌለው ንብረት ማር ነው፤ ንብ ሳይሆን ዝንብ ይሰበስባል። በእንግሊዝ አገር ልደትና ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ነው። ወራሽ ያልተገኘለት ንብረት ወደ መንግሥት ይገባል፤ ዝምድናውን ያስረዳ ሰው ግን ሟቹ ከሞተ እስከ 30 ዓመት ሊጠይቅ ይችላል። እዚያ ወራሽ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል፤ አግኚው ከውርሱ ድርሻ ይወስዳል። ያ ሁሉ መዝገብ እያላቸውም ሐሰተኛ ወራሽ አላጡም።

በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሕጉ የልደትና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢያዝም ያ ክፍል ሳይሠራበት ብዙ ዘመን አለፈ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁላችን ማስረጃችን ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይሞታል፣ ይረሳል፣ አንዳንዴም ይሸጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የማናውቀውን ዝምድና አውቃለሁ ብለን ለማንም አንመስክር፤ በሐሰት መመስከር ወንጀል ነው፣ በእግዚአብሔርም በአላህም ፊት ዕዳ ነው። ሁለተኛ፣ «ወራሽ ላገናኝህ፣ ግማሹን ስጠኝ» የሚል ደላላ ሲመጣ ለእድሩ ዳኛ ይነገር። ሦስተኛ፣ እድሩ የሟችን ንብረት ለመከፋፈል ሥልጣን የለውም። ቆጥሮ፣ ጠብቆ፣ ያወቀውን ሁሉ ለፍርድ ቤት አስረድቶ ማስረከብ ነው። ወራሹም ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያወጣል። የተሻለ መብት ያለው ሰው በኋላ ቢቀርብ ያ ማስረጃ ሊሰረዝ ስለሚችል «ወረቀት አለው» ብለን ሌላውን አናባርር። የቀበሌ ቤት ውስጥ የኖረ ሰውም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ አይወረስበትም፤ የገጠር መሬት ደግሞ በራሱ የመሬት ሕግ ይታያል።

የምናቀርበው ሐሳብ

እንግዲህ ከሞት በኋላ ከመሮጥ በቁም መጻፍ ይሻላል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል አንድ የቤተሰብ ገጽ እንዲሞላ እንጠይቃለን። በገጹ ላይ የሚጻፈው ይኸ ነው፦

የራስ ሙሉ ስም፣ የክርስትና ወይም የቀድሞ ስም፣ የሚጠራበት ቅጽል ስም፤
የአባት ስም እስከ ቅድመ አያት፣ የእናት ስም እስከ ቅድመ አያት፤
የትውልድ አገር፣ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ ደብሩ ወይም መስጊዱ፣ ጎሳው፤
ወንድሞችና እኅቶች፣ በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙትም ጭምር፣ ያሉበት ቦታ፤
ልጆች ሁሉ፣ የትም ይወለዱ የት፣ ከነእናታቸው ወይም ከነአባታቸው ስም፤
በሞት ጊዜ መርዶ የሚነገረው ሰው፤
ኑዛዜ ካለ የተቀመጠበት ቦታ፤ የኑዛዜው ቃል ግን አይጻፍ።

አንዳንዱ አባል «ምስጢሬን ለሠፈር ልዘርግፍ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከአገር ቤት የቀረ ልጅ አለ፣ የሸሹት ትዳር አለ፣ ለሚስት ያልተነገረ ነገር አለ። ስለዚህ ገጹ በታሸገ ፖስታ ሆኖ ባለቤቱ በማሸጊያው ላይ ይፈርምበት። ፖስታው የሚከፈተው ባለቤቱ ሲሞት ብቻ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊውና አንድ ሽማግሌ ባሉበት ይሁን። የተከፈተው ቃል ለጉዳዩ ባለቤቶችና ለፍርድ ቤት እንጂ ለቡና ወሬ አይሆንም። መጻፍ የማይችል አባል የሚያምነውን ሰው ያስጽፍ፤ የአስተማሪነት ሙያ ያላቸው አባሎቻችን በዚህ ሊረዱ ቃል ገብተዋል።

ይህ ገጽ ኑዛዜ አይደለም፤ በፍርድ ቤትም ብቻውን ነገር አይቆርጥም። ግን ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ያሳያል። ያስታመመ ጎረቤት እንዲወርስ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ይኸን ገጽ ሞልቶ አይተው፤ ኑዛዜውን በሕጉ መሠረት ያድርግ።

የተከበራችሁ አባላት፤ ወርኃዊ መዋጮ የምንከፍለው በሞታችን ቀን ሰው እንዳናጣ ነው። ሰው ማጣት ደግሞ ተሸክሞ የሚቀብር ማጣት ብቻ አይደለም፤ ሞቱን ሊሰማ የሚገባው ወገን ሳይሰማ መቅረቱም ሰው ማጣት ነው። ጉባኤው ሐሳቡን ተወያይቶበት እንዲያጸድቀው፣ ከጸደቀም በሚቀጥለው ወር መዋጮ በምንሰበሰብበት ቀን ቅጹ ለእያንዳንዱ አባል እንዲታደል፣ የአሮጌዎቹ የክፍያ ደብተሮችም ቅጂ ተዘጋጅቶ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች እንዲቀመጥ በአክብሮት እንጠይቃለን።